የእቴጌ ጥሩወርቅ ቀሚስ



ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሳሳኝ የዕቃ ቆጠራ ነው። ባለፈው ዓመት በቁጠባችን ገንዘብ ለቢቸናና ለሞጣ ሱቆቻችን የሴት የውስጥ ልብስ ገዝተን ነበር። ቦታ ጠበበንና ጡት መያዣዎቹን አንዱን በአንዱ ላይ አጣጥፌ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅጥቄ ከቆርቆሮው ጣራ ሥር ያስቀመጥኳቸው እኔው ራሴ ነኝ። በቆጠራው ቀን ከረጢቱ ሲፈታ ስፖንጁ ተሰብሯል፣ ሽቦው ተጣሟል፣ ላስቲኩም ሲስቡት የማይመለስ ሆኗል። አንዳቸውም አልተለበሱም፤ ግን ያረጁ ይመስላሉ። በመዝገቡ ላይ የተበላሸ ዕቃ ብዬ ስጽፍ እጄ ከብዶኝ ነበር። ያ ገንዘብ በየሳምንቱ ከእንቁላልና ከቅቤ ሽያጭ የተቆጠበ መሆኑን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለምና።

በዚያ ቀን ከአባሎቻችን አንዲት እናት፣ ልብስ ማስቀመጥ የሚያውቅ ሰው ከዘመናችን ጠፋ ብለው ሲያዝኑ ሰማሁ። የእሳቸው እናት የሠርግ ቀሚስ እስከ ልጅ ልጅ ደርሷል። እኔም ወዲያው አንድ ቀሚስ ትዝ አለኝ። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ኖሮ ዛሬም ያለ ቀሚስ ነው። ባለቤቷ ግን ያን ያህል አልኖሩም። በዚህ እትም የእኚህን ሴት ሕይወት ላስታውሳችሁ፤ በመጨረሻም ወደ እኛ ሳጥን እመለሳለሁ።

እቴጌ ጥሩወርቅ የሰሜንና የትግራይ ገዥ የነበሩት የደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ልጅ ናቸው። በአንዳንድ መጻሕፍት ጥሩነሽ ተብለውም ይጠራሉ። እናታቸው ወይዘሮ ላቂያዬ ይባላሉ። ደጃዝማች ውቤ በዘመናቸው ከኃያላኑ መሳፍንት አንዱ ስለነበሩ፣ ልጅቷ ያደጉት በታላቅ ቤት ነው። ሴት ልጅ ፊደል መቁጠር ብርቅ በነበረበት ጊዜ ማንበብ ተምረዋል፤ ዳዊትም ከእጃቸው አይለይም ነበር። ሐሳባቸው ወደ ምንኩስና ያዘነበለ እንደነበርም ይነገራል።

የቤቱ ዕጣ በአንድ ቀን ተገለበጠ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሳ ኃይሉ ደረስጌ ላይ ደጃዝማች ውቤን ድል አድርገው ማረኳቸው። ውቤ ለራሳቸው ንግሥ አስበው ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ ካሳ በጥቂት ቀናት ውስጥ አፄ ቴዎድሮስ ተብለው ተቀቡ። አባት ዘውድ ሊደፉበት ባዘጋጁት ደጅ እስረኛ ሆኑ።

አፄ ቴዎድሮስ እጅግ የሚወዷት የመጀመሪያ ሚስታቸው እቴጌ ተዋበች በ1850 ዓ.ም. ዐረፉ። ንጉሡ በሐዘናቸው ብዙ እንደተጎዱ የታሪክ ጸሐፊዎች ሁሉ ይስማማሉ። ከዚያ በኋላ፣ በ1852 ዓ.ም. ገደማ፣ የእስረኛቸውን ልጅ ጥሩወርቅን አገቡ። እንግዲህ አስቡት፤ አባታቸውን ድል ያደረገ ሰው ቤት በሚስትነት መግባት፣ ያውም ሁሉም ሰው ከሟቿ ጋር በሚያወዳድርበት ጊዜ። ጥሩወርቅ በትውልዳቸው የሚኮሩ ነበሩና ትዳሩ አልሰመረም። አንድ ቀን ንጉሡ ወደ ክፍላቸው ሲገቡ ዳዊት እየደገሙ ስለነበር ከመቀመጫቸው እንዳልተነሡ፣ ሲጠየቁም ከሚበልጠው ንጉሥ ጋር እየተነጋገሩ መሆናቸውን እንደመለሱ ይተረካል። ይህ በቃል የመጣ ወሬ ነው፤ ነገር ግን ሰው ስለ እሳቸው ምን ያስብ እንደነበር ያሳያል።

በሚያዝያ 1853 ዓ.ም. ልጃቸው ዓለማየሁ ተወለደ። ንጉሡ ወደ ሌላ ሴት አዘነበሉ፤ እቴጌይቱም አብዛኛውን ጊዜያቸውን ከልጃቸውና ከጸሎት መጽሐፋቸው ጋር አሳለፉ። መኖሪያቸው በመጨረሻ የመቅደላ አምባ ሆነ። አምባው ምሽግም፣ ግምጃ ቤትም፣ እስር ቤትም ነበር። የንጉሡ ሀብትና የንጉሡ እስረኞች በአንድ ተራራ ላይ ይጠበቁ ነበር፤ እቴጌይቱ ከሁለቱ ከየትኛው እንደሚቆጠሩ ለመናገር ያስቸግራል።

ቀጥሎ ያለውን ሁላችንም ከትምህርት ቤት እናውቀዋለን። ንጉሡ የታሰሩትን አውሮፓውያን ባለመልቀቃቸው በጄኔራል ናፒየር የሚመራ የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ደረሰ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ማግስት፣ አፄ ቴዎድሮስ እጅ ከመስጠት ሞትን መረጡ። ባልና ሚስት በመጨረሻዎቹ ቀናት ታርቀው እንደነበር ይነገራል።

አምባው ተዘረፈ። ብራና መጻሕፍት፣ ታቦታት፣ ጽዋዎች፣ ዘውዶችና አልባሳት በ15 ዝሆኖችና በ200 ገደማ በቅሎዎች ተጭነው ወረዱ። ደላንታ ሜዳ ላይ ጨረታ ወጥቶባቸው ለወታደርና ለሙዚየም ተሸጡ። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ይህን ባነበብኩ ቁጥር የሚያመኝ ነገር አለ። ለጨረታው ሒሳብ ተይዟል፤ ማን ምን ያህል እንደሚደርሰው ተሰልቷል። ባለቤቶቹ ግን በየትኛውም ገጽ ላይ የሉም።

እቴጌ ጥሩወርቅ ከልጃቸው ጋር ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ሰሜን ጉዞ ጀመሩ። አሳባቸው ወደ ዘመዶቻቸው አገር መድረስ ነበር። ግን ታመው ነበርና አልቻሉም። ግንቦት 8 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ ባላቸው ከሞቱ ገና ወር ከጥቂት ቀን ሲሆን፣ በመንገድ ላይ ዐረፉ። ገና ወጣት ነበሩ። አስከሬናቸው አባታቸው በአንድ ወቅት ይገዙት በነበረው አገር፣ መቀሌ አጠገብ በሚገኘው በጨለቆት ሥላሴ ተቀበረ።

የሰባት ዓመቱ ዓለማየሁ ግን መንገዱን ቀጠለ። ወደ እንግሊዝ ተወስዶ ካፒቴን ስፒዲ በሚባል መኮንን ሞግዚትነት ኖረ፤ ንግሥት ቪክቶሪያም አዩት፣ ራሩለትም። አያቱ ወይዘሮ ላቂያዬ ከአገር ቤት ለንግሥቲቱ ደብዳቤ ጻፉ። ባል፣ ልጅ፣ አማች ያጡ አሮጊት ሴት የቀራቸው አንድ የልጅ ልጅ ብቻ ነበር። እሱም አልተመለሰላቸውም። ዓለማየሁ በየትምህርት ቤቱ ሲንከራተት ቆይቶ በኅዳር 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ሊድስ በሚባል ከተማ ሞተ። በዊንድሰር ቤተ መንግሥት ቅዱስ ጊዮርጊስ ጸሎት ቤት ተቀበረ። አጽሙ ለአገሩ እንዲበቃ ተደጋግሞ ቢጠየቅም በ2015 ዓ.ም. የተሰጠው መልስ አይሆንም የሚል ነበር።

እንግዲህ ቀሚሱ። ከመቅደላ ከተወሰዱት ዕቃዎች መካከል የእቴጌ ጥሩወርቅ ነው የሚባል፣ ከጥጥ የተሠራና በሐር ክር የተጠለፈ ቀሚስ፣ ከጌጣጌጥ ጋር ለንደን ደረሰ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1869 ዛሬ ቪክቶሪያና አልበርት ተብሎ ወደሚጠራው ሙዚየም ገባ። ከመቅደላ ጦርነት 150ኛ ዓመት ጋር ተያይዞ በ2010 ዓ.ም. ከወርቁ ዘውድና ከጽዋው ጋር ለሕዝብ ታየ። የሙዚየሙ ኃላፊ ዕቃዎቹን ለረጅም ጊዜ በውሰት ወደ ኢትዮጵያ ለመላክ ሐሳብ አቀረቡ። የራስን ንብረት መዋስ እንዴት ተብሎ በመዝገብ እንደሚጻፍ እኔ አላውቅም፤ በተማርኩት የሒሳብ አያያዝ ውስጥ ቦታ የለውም።

እኛ ሞጣዎች ትልቅ ሴትን የምናስታውሰው ባሠራችው ደብር ነው። የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል ስማቸው እስከ ዛሬ የሚነሣው ከሞጣ ጊዮርጊስ ጋር ነው። ጥሩወርቅ ደብር ለማሠራት ዕድሜም ሰላምም አላገኙም። የቀረላቸው አንድ ልብስ ነው። ልብሱ ስለተጠበቀ ስማቸው ይነሣል። ለወሰዱት ሰዎች ምስጋና ልሰጥ አይደለም፤ ጥጥና ሐር እንኳ ከተጠበቁ ከሰው ዕድሜ እንደሚያልፉ ለማለት ነው።

ታዲያ ሙዚየሞች አሮጌ ልብስን እንዴት ነው የሚጠብቁት? ሥራው ረቂቅ መሣሪያ ይጠይቅ እንጂ ሐሳቡ እናቶቻችን ከሚያውቁት የራቀ አይደለም። ብርሃን ቀለምን ያነጣል፣ ክርንም ያደክማል፤ ስለዚህ ልብሱ ጨለማ ውስጥ ይቀመጣል። ከባድ ልብስ ከተሰቀለ የገዛ ክብደቱ ትከሻውን ይጎትተዋል፤ ስለዚህ ተዘርግቶ ይተኛል። እጥፋት በአንድ ቦታ ሲቆይ ክሩ እዚያው ይሰበራል፤ ስለዚህ በእጥፉ ውስጥ ለስላሳ ወረቀት ይደረጋል። ላብና ቆሻሻ ነፍሳትን ይጠራሉ፤ ስለዚህ ሳይጸዳ አይቀመጥም። አያቶቻችን የክት ቀሚሳቸውን አጥበው፣ በደንብ አድርቀው፣ በመሐሉ አሪቲ ጣል አድርገው በሳጥን ሲያኖሩ ያው ይህንኑ እያደረጉ ነበር።

ጡት መያዣም ልብስ ነው፤ እንዲያውም ከቀሚስ ይልቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቀሚስ ቅርጹን የሚያገኘው ከለባሿ ነው። ጡት መያዣ ግን ቅርጹን ይዞ የተሠራ ነው፤ ቅርጹ ከጠፋ ጥቅሙም ጠፋ። ከደረሰብኝ ኪሳራ በኋላ በሱቆቻችንም በቤቴም የምሠራበትን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ አጠባው። በለብታ ውኃና በትንሽ ሳሙና በእጅ ይታጠብ። አይጠመዘዝ፤ በፎጣ መሐል ተደርጎ ውኃው ተጫን ተጫን ተደርጎ ይውጣ። ሲሰጣ በማንጠልጠያው አይሰቀል፤ የውኃው ክብደት ላስቲኩን ይለጥጠዋልና። ሁለቱ ጡቶች በሚገናኙበት መሐል ላይ ገመዱ ላይ ይጣል፣ ወይም በጥላ ሥር ጠፍጣፋ ነገር ላይ ይዘርጋ። የቀትር ፀሐይ፣ የምድጃ ዳርና የወይራ ጭስ ለነጠላ ይስማሙ ይሆናል፤ ለላስቲክ ግን ጠላቶች ናቸው።

ሁለተኛ አቀማመጡ። የኋላው መንጠቆ ተቆልፎ ይቀመጥ፤ ካልተቆለፈ የሌላውን ዳንቴል ይቧጭራል። ስፖንጅ ወይም ሽቦ ያለው ከመሐል ተሰብሮ አንዱ ጡት በሌላው ውስጥ ተገልብጦ አይግባ። እኔ የሠራሁት ስሕተት ይኸው ነበር። እንዳለ ተዘርግቶ፣ እንደ ሸክላ ሳህን አንዱ ከአንዱ ኋላ ተደርድሮ ይቁም፤ ማንጠልጠያዎቹና ጎኖቹ ወደ ውስጥ ይታጠፉ። ስፖንጅና ሽቦ የሌለው ስስ ዓይነት ግን ቢታጠፍ ጉዳት የለውም። ቁም ሳጥን ወይም መሳቢያ የሌላት እህት የጫማ ካርቶን ይበቃታል። ወርድና ቁመቱ ልክ ይሆናል፣ ዋጋም የለውም። ከላይ ከባድ ነገር አይጫንበት። ለብዙ ጊዜ የማይለበስ ከሆነ በጎድጓዳው ውስጥ ንጹሕ ጨርቅ ቢደረግበት ቅርጹን ይጠብቃል። ጋዜጣ ግን አይሁን፤ ቀለሙ ይለቃል።

ሦስተኛ ቦታው። ከቆርቆሮው ጣራ ራቅ ብሎ፣ በክረምት እርጥበት ከማይነካው፣ አይጥ ከማይደርስበት ይሁን። ያላቸው ሁለት ወይም ሦስት ከሆነም እያፈራረቁ መልበስ ነው። ላስቲክም እንደ ሰው ዕረፍት ይፈልጋል፤ አንድ ቀን ተለብሶ ቀጣዩን ቀን ካረፈ ብዙ ይቆያል።

አራተኛው የሙያዬ ነገር ነው። በካርቶኑ ላይ ጻፉ። በሱቆቻችን አሁን እያንዳንዱ ካርቶን የገባበት ቀን፣ ቁጥሩና ዓይነቱ ተጽፎበታል። ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይሸጣል። ከዚያ ወዲህ ባደረግነው ቆጠራ የተበላሸ ዕቃ በሚለው መስመር ላይ የጻፍኩት ነገር የለም።

በቤትም እንዲሁ እንድታደርጉ እለምናችኋለሁ። የእናታችሁን የሠርግ ቀሚስ፣ የአያታችሁን መቀነት የምታኖሩ ከሆነ የማን እንደነበረ በወረቀት ጽፋችሁ አብራችሁ አስቀምጡት። ከመቅደላ የወረዱት ልብሶች ሁሉ የለበሳቸው ሰው ነበር። የእቴጌ ጥሩወርቅ ቀሚስ ከስማቸው ጋር ደረሰ፤ ስም ሳይጻፍለት የቀረው ግን ዛሬ ጨርቅ ብቻ ነው። እኛ የራሳችንን መዝገብ ራሳችን እንያዝ።

ሞጣ ላሉት እህቶች አዲሶቹ ካርቶኖች በሚቀጥለው የገበያ ቀን በደብረ ወርቅ መንገድ ይላኩላችኋል። ስትረከቡ ቆጥራችሁ ፈርሙ፤ ከላይም ምንም አትጫኑባቸው።