ስለ ዐፄ ሱስንዮስ ኅሊና

ልጆች ሆይ፥ በግዕዝ ቋንቋ ኀለየ ማለት ዐሰበ ማለት ነው፤ ኅሊና የሚለውም ቃል ከዚሁ ወጥቷል። በብዙኃኑ ኀ ፈንታ በሐመሩ ሐ የተጻፈ እንደ ሆነ ግን ሐለየ ማለት ዘመረ ማለት ይሆናል። በጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ ሊማር የተቀመጠ ተማሪ በዜማው ቢሳሳት መምህሩ ሰምቶ ወዲያው ያቀናዋል። የኅሊና ድምፅ ግን ከባለቤቱ በቀር ለማንም አይሰማም፤ ስለዚህ ሌላ ሰው ሊያርመው ሲነሣ ብዙ ጊዜ ያበላሸዋል።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በላከው መልእክት፥ ሕግ ያልተሰጣቸው አሕዛብ እንኳ የሕግ ሥራ በልባቸው ተጽፎ እንደሚገኝ፥ ኅሊናቸውም እንደሚመሰክር አስተምሯል። የሰውን ጠባይ የሚመረምሩ የኋላ ዘመን ሊቃውንት ደግሞ ኅሊና ከሕፃንነት ጀምሮ ቀስ በቀስ ያድጋል ይላሉ። ሕፃን በመጀመሪያ የእናቱን ቍጣ ይፈራል፤ ካደገ በኋላ ግን እናቱ በሌለችበትም ክፉ ቢሠራ በራሱ ያፍራል። እኔ እነዚህን ሁለት ነገሮች እንደሚጣሉ አድርጌ አላያቸውም፤ ዘሩን የሰጠ እግዚአብሔር ቢሆን ውኃ የሚያጠጣው ሰው ነውና። አሁን ግን ወደ ንጉሡ ታሪክ እንመለስ።

ሱስንዮስ የተወለደው በ1564 ዓመተ ምሕረት ገደማ ነው። አባቱ አቤቶ ፋሲለደስ የዐፄ ልብነ ድንግል የልጅ ልጅ ነበረ። ሱስንዮስ ገና ልጅ ሳለ አባቱ ከኦሮሞ ጋር በተደረገ ጦርነት ሞተ፤ እርሱም ተማርኮ ከማረኩት ሰዎች ጋር ከአንድ ዓመት በላይ ተቀመጠ። በዚያም ቋንቋቸውንና የጦር ሥርዓታቸውን ተማረ። ከተለቀቀ በኋላ ብዙ ዘመን በየበረሃው ሲዋጋ ኖሮ፥ በ1599 ዓመተ ምሕረት በጎጃም ጎል በተባለ ስፍራ ዐፄ ያዕቆብን ድል አድርጎ ዙፋኑን ያዘ። በዚያ ቀን ያዕቆብም ጳጳሱ አቡነ ጴጥሮስም ሞቱ።

በዚያን ዘመን ጴጥሮስ ፓኤዝ የሚባል የእስፓንያ ሰው በአገራችን ይኖር ነበር። የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ሲሆን በ1595 ዓመተ ምሕረት መጣ፤ ግዕዝና አማርኛ ተምሮ ሕፃናትን ያስተምር፥ የሕንፃ ሥራም ያውቅ ነበር። ጠባዩ ለስላሳ ስለ ሆነ ንጉሡ እጅግ ወደደው። በ1610 ዓመተ ምሕረት በሚያዝያ ወር ከንጉሡ ጋር ሄዶ የዐባይን ምንጭ አየ። ስለ ክርስቶስ ባሕርይም ብዙ ጊዜ ይነጋገሩ ነበር። ንጉሡ ሲሰማና ሲመረምር ቆይቶ የሮም ትምህርት እውነት መሰለው።

እውነት ስለ መሰለው ብቻ ነውን? አይደለም። ሱስንዮስ ከአውሮፓ ነገሥታት ወታደርና የጦር መሣሪያ ለማግኘትም ተስፋ ያደርግ ነበር። በሰው ልብ ውስጥ ኅሊናና ጥቅም ብዙ ጊዜ በአንድ ወንበር ይቀመጣሉ፤ ባለቤቱም ራሱ የትኛው እንደሚናገር ለይቶ ማወቅ ይቸግረዋል።

ነገሩ ገና ሳይገለጥ ጠብ ተነሣ። በ1609 ዓመተ ምሕረት የንጉሡ አማች ዮልዮስ የአባቶቹን ሃይማኖት ደግፎ ዐመፀ፤ ጳጳሱ አቡነ ስምዖንም አብረውት ተሰለፉ። ሁለቱም በጦር ሜዳ ተገደሉ። የንጉሡ ወንድሞች እንኳ ተለያዩ፤ ሥዕለ ክርስቶስ የሮምን እምነት ሲቀበል የማነ ክርስቶስ እምቢ አለ። ከንጉሡ መኳንንት የአንዱ ሚስት ወለተ ጴጥሮስም ከጳጳሱ ሞት በኋላ ባሏን ትታ መነነች። ወደ ንጉሡ ሸንጎ ቀርባ ብትመረመር፥ ወደ ዠበይም ብትሰደድ አሳቧን አልለወጠችም። በጣና ዳር በቈራጣ ዛሬም በስሟ የሚጠራ ገዳም አለ።

በ1614 ዓመተ ምሕረት ሱስንዮስ ካቶሊክ መሆኑን በግልጥ አስታወቀ። ፓኤዝም በዚያው ዓመት ሞተ። ፓኤዝ ቢቈይ ኖሮ ነገሩ በትዕግሥት ይያዝ ነበር የሚሉ ብዙ ናቸው፤ እኔም ወደዚህ አዘነብላለሁ። በእርሱ ፈንታ በ1617 ዓመተ ምሕረት የፖርቱጋል ሰው አልፎንሶ ሜንዴዝ ፓትርያርክ ተብሎ መጣ። በየካቲት 1618 በደንቀዝ ቤተ መንግሥት ንጉሡ በፓትርያርኩ ፊት ተንበርክኮ ለሮም ሊቀ ጳጳሳት ሊታዘዝ ማለ፤ ልጁ ፋሲለደስም መኳንንቱም ካህናቱም ማሉ።

ከዚያ በኋላ ትእዛዝ በላይ በላዩ ወጣ። ካህናት እንደ ገና ክህነት ይቀበሉ፥ ሕዝቡ እንደ ገና ይጠመቅ፥ አብያተ ክርስቲያናት እንደ ገና ይባረኩ፥ ጾምና በዓል በሮም አቈጣጠር ይሁን፥ ግዝረትም ይቅር ተባለ። እስቲ አስቡት፤ አንድ የደንቢያ ገበሬ ልጆቹን በአርባና በሰማንያ ቀን አስጠምቆ፥ አባቱንም በቤተ ክርስቲያን ቀብሮ ሳለ፥ ያ ሁሉ ከንቱ ነበረ ሲሉት ምን ይሰማው ይሆን! ንጉሡ ያመነውን ያመነው ለዓመታት ጠይቆና ተከራክሮ ነው። ለገበሬው ግን የሰጠው ዐዋጅ ብቻ ነው። ለራሱ ኅሊና የፈቀደውን ጊዜ ለሌላው ከለከለ፤ ጥፋቱ እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ስለዚህ በየአገሩ ሽፍታ ተነሣ፤ ከሁሉም የጸናው በላስታ በመልክአ ክርስቶስ የተመራው ነው። ጋይንት በላስታና በደንቢያ መካከል ያለ አገር ስለ ሆነ የጦርነቱ ወሬ ለሕዝቡ ሩቅ አልነበረም። በመጨረሻ በሰኔ መጀመሪያ 1624 ዓመተ ምሕረት የላስታ ሰዎች እስከ ወይና ደጋ ድረስ መጡ። የንጉሡ ጦርም ድል አደረገ። ከላስታ ወገን የሞተው ስምንት ሺህ ያህል እንደ ሆነ ተጽፏል፤ የሚበዛውም ጋሻና ጦር እንኳ በደንብ ያልያዘ ባላገር ነበረ።

ድል ያደረገ ንጉሥ ደስ ሊለው ይገባው ነበር። ነገር ግን ሜዳውን እየዞሩ ሲያዩ ሰዎቹ ወደ ንጉሡ ቀርበው፥ እነዚህ የወደቁት እስላምም አረመኔም አይደሉም፥ የገዛ ወገኖቻችንና ክርስቲያኖች ናቸው፥ በእንዲህ ያለ ድል መንግሥቱ ይጠፋል እንጂ አይጸናም ብለው ነገሩት። ሱስንዮስ እጅግ አዘነ። ካልጋ ላይም የሚያውል ሕመም አገኘው። ለብዙ ዓመታት የለመኑትን ሁሉ እንቢ ያለ ሰው፥ ሠራዊቱ ባሸነፈ ጊዜ ተሸነፈ።

በዚያው በሰኔ ወር ዐዋጅ አስነገረ። ያን ሃይማኖት መልካም መስሎት እንደ ሰጣቸው፥ ነገር ግን ስለ እርሱ ብዙ ሰው እንደ ሞተ ገልጦ፥ የአባቶቻቸውን ሃይማኖት መልሶላቸው፥ ካህናቱም ወደየቤተ ክርስቲያናቸው ገብተው እንዲቀድሱ ፈቀደ። መንግሥቱንም ለልጁ ለፋሲለደስ አስረከበ። ሕዝቡ በየመንደሩ እልል አለ።

ስለ ራሱ ግን ሚስዮናውያኑ እንደ ጻፉት፥ ሱስንዮስ የሮምን እምነት እስኪሞት አልተወም። ይህ እውነት ቢሆን አያስደንቀኝም፤ ሌላውን በግድ ከማሳመን ተመለሰ እንጂ እርሱ ራሱ ማመኑን እንዲተው ማንም ሊያዝዘው አይችልምና። በመስከረም 1625 ዓመተ ምሕረት በደንቀዝ ሞተ፤ በአዘዞም በገነተ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ።

ዐፄ ፋሲለደስ ፓትርያርኩንና ሚስዮናውያኑን ከአገር አስወጣ፤ አጎቱን ሥዕለ ክርስቶስንም እምነቱን አልተውም ስላለ አጋዘው። በ1630 ዓመተ ምሕረትም አጋታንጀሎና ካስያን የሚባሉ ሁለት የካቶሊክ መነኮሳት ከውጭ አገር መጥተው በጎንደር ተሰቀሉ። የሱስንዮስ ዐዋጅ ከተነገረ ያን ጊዜ ገና ስድስት ዓመት ነበረ። የደንቀዝ ቤተ መንግሥት ፍራሽ ግን ዛሬም በተራራው ላይ ይታያል።