የማክጊልቫሪ ታሪክ

ዳንኤል ማክጊልቫሪ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1828 ዓ.ም. በአሜሪካ ተወለደ። በ1858 ወንጌልን ሊያስተምር ወደ ሲያም ሄደ፤ ይህችም አገር ዛሬ ታይላንድ የምትባለው ናት። በ1867 ከሚስቱ ከሶፊያና ከልጆቻቸው ጋር ሦስት ወር በወንዝ ተጕዞ በሰሜን ወዳለችው ወደ ቺያንግ ማይ ከተማ ደረሰ። ቤት ስላልነበራቸው ከአንድ ዓመት በላይ በመንገደኛ ማረፊያ ተቀመጡ።

የዚያ አገር ባላገሮች የቡድሃን ሃይማኖት የሚከተሉ ድኾች ነበሩ። ንዳድም እጅግ ያስጨንቃቸው ነበር። ንዳድ የያዘው ሰው በትኵሳት ሲቃዥ የጎረቤቱን ስም ቢጠራ፥ ያ ጎረቤት እንደ ቡዳ ተቈጥሮ ከነቤተ ሰቡ ይባረር፥ ቤቱም ይቃጠል ነበር።

ማክጊልቫሪ ሐኪም አልነበረም። ነገር ግን ኪኒን የሚባለውን መራራ መድኃኒት ለሕመምተኞች ይሰጥ ነበር፤ ሕፃናትም ፈንጣጣ እንዳይዛቸው ይከትብ ነበር። የተባረሩትንም ሰዎች ተቀብሎ አስጠጋቸው። ሕመምተኛው ኪኒን ጠጥቶ በዳነ ጊዜ፥ ጎረቤቱ በሐሰት እንደ ተከሰሰ ተገለጠ።

በ1869 የአገሩ ገዥ ክርስቲያን የሆኑትን ሁለት ሰዎች አስገደለ። ማክጊልቫሪ ግን ሕመምተኞቹን ጥሎ አልሸሸም። ሶፊያም ጥቂት ልጃገረዶችን በቤቷ ሰብስባ ማንበብ አስተማረቻቸው። በ1879 የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በኋላም ሐኪሞች መጥተው ሐኪም ቤት ሠሩ። ማክጊልቫሪ በ1911 በ83 ዓመቱ በዚያው አገር ዐረፈ።

ልጆች ሆይ፥ መድኃኒት ሕመምተኛውን ከንዳድ ያድናል፤ እውቀት ግን ጎረቤቱንም ከሐሰት ክስ ያድናል። ስለዚህ ሰው ሲታመም መድኃኒት ፈልጉለት እንጂ በማንም ላይ ጣታችሁን አትቀስሩ።