የዘር ሀብት ጠበቃው ኒኮላይ ቫቪሎቭ

የሰው ልጅ ከተፈጥሮ ጋር ባካሄደው ረጅም ትግል ውስጥ ዕድሜያቸውን ለብዙኃኑ እንጀራ ያዋሉ ሳይንቲስቶች ጥቂት አይደሉም። ከእነዚህ አንዱ በ1887 እ.ኤ.አ. በሞስኮ የተወለደው ኒኮላይ ቫቪሎቭ ነው። ከፀዳ ጀምሮ እስከ ዳባትና ደባርቅ ደጋ እህል ለሚያመርተው አርሶ አደርም ሆነ ያንኑ እህል ለሚመገበው የከተማ ሠራተኛ የዚህ ሰው ሕይወት ባዕድ ታሪክ አይደለም።

ግሪጎር ሜንዴል በ1866 ያሳተመው የአተር ምርምር፣ አንድ ባሕርይ በአንድ ጥንድ የውርስ ቅንጣት እንደሚወሰንና በሁለተኛው ትውልድ ሦስት ለአንድ እንደሚከፋፈል አሳይቶ ነበር። ቫቪሎቭም በ1913 ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ ይህንኑ ትምህርት ካስፋፋው ከዊልያም ቤትሰን ዘንድ ተማረ። ይሁን እንጂ የማሳው እውነታ ከአተሩ ቀመር የሰፋ መሆኑ ታውቆ ነበር። ስዊድናዊው ኒልሰን ኤህሌ በ1909 እንዳረጋገጠው፣ የስንዴን ፍሬ ቅላት እስከ ሦስት ጂኖች በጋራ ይወስኑታል። ሦስቱም በሚሳተፉበት ድቀላ በሁለተኛው ትውልድ ከ64 ተክሎች ነጭ ፍሬ የሚሰጠው በአማካይ አንዱ ብቻ ሲሆን፣ የቀሩት ከደማቅ እስከ ፈዛዛ ቀይ በደረጃ ይለያያሉ። የምርት ብዛትና ድርቅን የመቋቋም ኃይልማ ከዚህ በበዙ ጂኖችና በአካባቢው ሁኔታ ቅንጅት የሚገኙ ናቸው። በመሆኑም የተሻለ ዝርያ ለማውጣት እጅግ የበዛ ዓይነት ዘር በእጅ መኖር አለበት።

ቫቪሎቭ ይህንን ዘር ፍለጋ ዓለምን ዞረ። በ1927 በቅሎ ጭኖ ከአዲስ አበባ በጎጃምና በጎንደር በኩል እስከ አስመራ ሲዘልቅ፣ በየገበያውና በየማሳው ናሙና ሰበሰበ። በ1920 ያወጣው ሕግ ይኖራል ብሎ የጠቆመውን ጺም አልባ የማካሮኒ ስንዴም በአገራችን አገኘ። ስንዴ መጀመሪያ የለማው በመካከለኛው ምሥራቅ መሆኑ ኋላ ቢረጋገጥም፣ የኢትዮጵያ ደጋ የስንዴና የገብስ ብዝኃነት ማዕከል መሆኑ ዛሬም የጸና ነው።

የሜንዴልን ትምህርት በጅምላ የካደው ትሮፊም ሊሴንኮ የመንግሥትን ድጋፍ ባገኘ ጊዜ ግን፣ ቫቪሎቭ በማስረጃው ጸንቶ በመከራከሩ በ1940 ታሰረ። ለሕዝብ ጥጋብ የደከመው ሰው ጥር 1943 በሳራቶቭ ወኅኒ በረሃብ ተጎሳቁሎ ሞተ። በተከበበችው ሌኒንግራድ ከነበሩ ባልደረቦቹም በርካቶቹ የዘር ክምችቱን እየጠበቁ በረሃብ ሞቱ፤ ዘሩን ግን አልበሉትም። ስሙ በ1955 ከክሱ ነፃ ወጣ። በሳይንስ ጉዳይ ፈራጁ ማሳው እንጂ ሥልጣን አለመሆኑን የከፈለው ዋጋ ያስተምራል።

በአዲስ አበባ በ1976 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የዘር ማዕከል የዚሁ ዓላማ ተከታይ ነው። የማኅበራችን አባላት ሆይ! የተሻሻለ ዘር ሲመጣ መቀበሉ ተገቢ ነው። ይሁንና በጎተራ ጥግ የቀረውን፣ ቀዩ ከነጩ የተደባለቀውን የአያቶች ዘር ጨርሶ መጣል፣ በአንድ ክረምት ተመልሶ የማይገኝን የብዙ ትውልድ ሥራ ማጥፋት ነው። ጥቂቱን ለይቶ በየዓመቱ መዝራት ከእያንዳንዱ ቤት የሚጠበቅ ተግባር ነው።