ሱቁ፣ ቤተ ሰቡና ጉልበቱ፤ የነጋዴው አርተር ራምቦ የሐረር ዘመን

በስድስት ሰዓት ገደማ በአዲስ ከተማ፣ በመርካቶ በኩል የሚያልፍ ሰው ወደ ሱቆቹ ውስጥ አሻግሮ ቢመለከት፣ ባለሱቁ ከቤት የመጣለትን ምሳ በጨርቅ ጣቃ ላይ አስቀምጦ አንድ ጊዜ እየጎረሰ አንድ ጊዜ ደንበኛ ሲያነጋግር ያገኘዋል። ወገቡን የሚያመው እንደ ሆነ ሐኪም ዘንድ የሚሄደው ከፋሲካ ገበያ በኋላ ነው፤ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ የክረምቱ ዕቃ ይገባል። ልጆቹንም የሚያያቸው ተኝተው ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ቢታመም የሕመም ፈቃድ ይጠይቃል፤ ባለሱቅ ፈቃድ የሚጠይቀው ከማን ነው?

መርካቶ ከአራዳ ተነሥቶ ዛሬ ባለበት ስፍራ የተተከለው በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1936 እስከ 1941 ባሉት ዓመታት ነው። የነጋዴው ጭንቀት ግን ከገበያው ይልቅ የቈየ መሆኑን በሐረር የነገደው የአርተር ራምቦ ሕይወት ያሳየናል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ራምቦ በ1854 ሻርልቪል በምትባል የፈረንሳይ ከተማ ተወለደ። አባቱ ሻምበል ነበር፤ ልጁ ስድስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ቤቱን ትቶ ስለ ሄደ፣ እናቱ ልጆቿን ብቻዋን፣ በጥብቅ ሥርዓት አሳደገች። ተማሪዎቻችን ስሙን የሚያውቁት በባለቅኔነቱ ነው። ገና ሃያውን በቅጡ ሳያልፍ የጻፈው ግጥም የፈረንሳይን ሥነ ጽሑፍ መንገድ ለውጧል። ከዚያ ወዲህ ግጥሙን ተወ። ለምን እንደ ተወ ሊቃውንቱ ይከራከሩበት፤ እኛ ወደ ሒሳብ መዝገቡ እንለፍ።

በ1880 ኤደን ወርዶ ባርዴ በሚባል ፈረንሳዊ የንግድ ቤት ተቀጠረ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ከዘይላ ተነሥቶ ሃያ ቀን ያህል በፈረስ ተጕዞ ሐረር ገባ። ከተማይቱ ያን ጊዜ በግብጾች እጅ ነበረች። ቡናና ቆዳ፣ የዝሆን ጥርስም እየገዛ ይልክ ነበር፤ በ1883 የቅርንጫፉ ኀላፊ ሆነ። ወደ እናቱ በሚጽፈው ደብዳቤ ስለ ብረት ሥራ፣ ስለ አናጢነትና ስለ ሌላም ሙያ የሚያስተምሩ መጻሕፍት እንድትልክለት ይለምናታል። በዚያው ዓመትም ሚስት አለማግባቱን እየተጸጸተ፣ ወንድ ልጅ ወልዶ፣ አስተምሮ፣ መሐንዲስ ሊያደርገው እንደሚመኝ ጻፈላት። በኤደን ሳለ ከአንዲት ኢትዮጵያዊት ጋር ጥቂት ጊዜ ኖሮ ነበር፤ ያም ሳይዘልቅ ቀረ።

ለራሱ ለመነገድ ሲነሣ ዕድሉ መልካም አልነበረም። በ1885 ላባቱ ከሚባል ነጋዴ ጋር ተሻርኮ ከ2,000 የሚበልጥ ጠመንጃ ወደ ሸዋ፣ ወደ ንጉሥ ምኒልክ ለመውሰድ ተዋዋለ። በታጁራ ጠረፍ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ግመልና ፈቃድ ሲጠብቅ ተቀመጠ። ላባቱ ታሞ አገሩ ገብቶ ሞተ፤ አብሮት ሊጓዝ ያሰበው ሶሌዬም ኤደን ላይ ሞተ። ራምቦ ብቻውን በረሃውን አቋርጦ በ1887 መጀመሪያ አንኮበር ደረሰ፤ ምኒልክን ያገኛቸውም በእንጦጦ ነው። ንጉሡ የሟቹን ዕዳ ከዋጋው ቀንሰው፣ ለቀሪው በሐረር ከመኰንን ዘንድ የሚከፈል ወረቀት ሰጡት። የላባቱ ባለዕዳዎችም እየተከታተሉ አስጨነቁት።

በዚያ ዓመት ወደ ካይሮ ሲሄድ ያለ የሌለ ገንዘቡን፣ 16,000 ፍራንክ ያህል ወርቅ፣ በወገቡ ታጥቆ ነበር። ክብደቱ ስምንት ኪሎ ይሆናል። ገንዘቡን የሚያስቀምጥበት የሚያምነው ቦታ ስላልነበረው ሌት ተቀን ተሸክሞት ሲዞር ሆዱን አሳመመው። ወገቡንና ጉልበቱንም የሚያመው መሆኑን ያን ጊዜ ጽፏል። ያ ማስጠንቀቂያ ነበር፤ ግን ማን ይስማው?

በ1888 በሐረር የራሱን ንግድ ቤት ከፈተ። (ዛሬ በጀጎል ውስጥ የራምቦ ቤት እየተባለ የሚጎበኘው ያማረ ሕንፃ ከእርሱ ሞት በኋላ አንድ የህንድ ነጋዴ ያሠራው ነው።) ኤደን ላለው ለሴዛር ቲያን ቡናና ቆዳ ይልካል፤ ከኤደን የመጣለትን ዕቃ ደግሞ ወደ ሸዋ፣ ለስዊዛዊው ለአልፍሬድ ኢልግ ይልካል። አንድ ጊዜ የላከው መጥበሻና ድስት ገዢ አጥቶ ኢልግን አስመርሮታል። የመርካቶ ቸርቻሪ ይህን ቢሰማ ይስቅ ነበር፤ ባልተፈለገ ዕቃ ገንዘቡ ያልታሰረበት ነጋዴ ግን ማን ነው? ገዢውም፣ መዛኙም፣ ጸሐፊውም ራሱ ነበር። እንደ እኔ አስተያየት ትልቁ ስሕተቱ ይህ ነው፤ ሚዛኑን ለሌላ ሰው አምኖ ለአንድ ቀን እንኳ መተው አልቻለም።

በ1890 ለእናቱ፣ አገሩ ገብቶ ማግባት ይችል እንደ ሆነ ጠየቃት። ነገር ግን ሥራውን እንደማይተው፣ ሚስቱም አብራው እስከዚህ መምጣት እንዳለባት ጨምሮ ገለጸ። ሙሽራዋ ሳትገኝ ቀረች።

በ1891 መጀመሪያ ቀኝ ጉልበቱ ማበጥ ጀመረ። የደም ሥር ሕመም መስሎት እናቱ እግር የሚያጠብቅ ካልሲ እንድትልክለት ጻፈ፤ እስኪደርስ ድረስ መንገዱንም ፈረሱንም አልተወም። መጋቢት ላይ መቆም ሲያቅተው አልጋውን በገንዘብ ሣጥኑና በመስኮቱ መካከል አዘረጋ፤ ከዚያ ሆኖ በግቢው ያለውን ሚዛን ይመለከት ጀመር። እግሩ እየመነመነ፣ ጉልበቱ እያበጠ፣ ቡናው እየተመዘነ ሳምንታት አለፉ።

ሚያዝያ 7 ቀን ራሱ ባሠራው ቃሬዛ ላይ ተኝቶ፣ 16 ተሸካሚዎች እየተፈራረቁ ወደ ዘይላ ወሰዱት። በመንገድ ላይ ድንኳኑ ወደ ኋላ ስለ ቀረ አሥራ ስድስት ሰዓት ሙሉ ዝናብ ወረደበት። ኤደን ሲደርስ ከሕመሙ ጋር እየታገለ ከቲያን ጋር ሒሳቡን ዘጋ፤ ከ37,000 ፍራንክ የሚበልጥ የክፍያ ወረቀት ተቀበለ። የአሥራ አንድ ዓመት ድካሙ ይህ ነው።

በግንቦት ማርሴይ ገብቶ ኮንሴፕሲዮን በሚባለው ሆስፒታል እግሩ ተቈረጠ። እናቱ በቴሌግራም ተጠርታ መጣች፤ ሁለት ሳምንት ያህል ቈይታ፣ እርሱ እያለቀሰ፣ ወደ እርሻዋ ተመለሰች። በዚህ ብዙዎች ይነቅፏታል፤ እርሷም ግን የምታስተዳድረው ርስትና የታመመች ልጅ በቤት ነበሯት። በክረምቱ ወራት እርሱም ወደ እናቱ ቤት ገብቶ አንድ ወር ተቀመጠ፤ ሕመሙ ስለ በረታበት ከእኅቱ ከኢዛቤል ጋር ወደ ማርሴይ ተመለሰ። የአጥንት ነቀርሳ ነበር።

ኅዳር 9 ቀን ለመርከብ ድርጅቱ ሹም፣ ስንት ሰዓት ወደ መርከብ ተሸክመው እንደሚያስገቡት እንዲነገረው የሚጠይቅ ደብዳቤ ለእኅቱ እየነገረ አስጻፈ፤ በደብዳቤውም ራስ ላይ የዝሆን ጥርስ ቍጥር ዘርዝሮ ነበር። በማግስቱ በ37 ዓመቱ ሞተ።

በሐረር ላገለገለው ለጃሚ ዋዳይ 3,000 ፍራንክ እንዲሰጠው ተናዞ ነበር። ገንዘቡ እስኪደርስ ግን ጃሚም ሞቶ ስለ ነበር፣ ለወራሾቹ ተከፈለ።