ፒየር ቤዚዬ፤ ጥምዝ መስመርን በቍጥር የገራ መሐንዲስ

የሰው ልጅ ቀጥ ያለ መስመር ለማውጣት ብዙ አልተቸገረም፤ የተወጠረ ገመድ ይበቃዋል። ለክብም ቢሆን አንድ ችካልና አንድ ገመድ በቂ ነው፤ በደብረ ታቦርና በአካባቢው ደጋ የክብ ቤትና የክብ ቤተ ክርስቲያን መሠረት ሲወጣ የኖረው በዚሁ ዘዴ ነው። ችካሉን ሁለት አድርገን በሁለቱ ላይ ላላ ያለ የገመድ ቀለበት ብናጠልቅ፣ ገመዱንም በእንጨት ወጥረን ብንዞር፣ መሬት ላይ የሚቀረው ሞላላ ይሆናል። ነገር ግን ክብም ሞላላም ያልሆነውን፣ እንደ ፈረስ ጀርባ ወይም እንደ ጉና ተራራ ትከሻ የሚወርደውን ጥምዝ በምን ገመድ እንለካዋለን? ለዚህ ጥያቄ መልስ ካስገኙት ሰዎች መካከል ስሙ ከሁሉ የገነነው ፈረንሳዊው መሐንዲስ ፒየር ቤዚዬ ነው።

ቤዚዬ እ.ኤ.አ. በ1910 በፓሪስ ተወለደ፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። አባቱም አያቱም መሐንዲሶች ነበሩና እርሱም የአባቶቹን ሙያ ያዘ። በ1930 በሜካኒክ፣ በ1931 ደግሞ በኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተመረቀ። በ1933 ሬኖ በተባለው የአውቶሞቢል ፋብሪካ ተቀጥሮ እስከ 1975 ድረስ 42 ዓመት አገለገለ። ሥራውን የጀመረው ከታች፣ የማሽን መሣሪያ ከማስተካከል ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ካትር ሼቮ የተባለችው ትንሽ መኪና በብዛት ስትሠራ፣ ክፍሎቿን በተከታታይ የሚያወጡትን አውቶማቲክ ማሽኖች ካሰናዱት ሰዎች ዋነኛው እርሱ ነበር።

በዚያን ጊዜ የመኪና ቦዲ ሥራ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ ነበር። ሠዓሊው ቅርጹን በወረቀት ይነድፋል፤ ቀራፂው በጭቃ ያወጣዋል፤ ነዳፊዎች ከዚያ ለክተው በትልቅ ወረቀት ላይ መስመሩን ይስላሉ፤ አናጢው በእንጨትና በጄሶ ዋናውን አብነት ያበጃል፤ በመጨረሻም ላሜራው የሚታተምበት ብረት በዚያ አምሳያ ይቀረፃል። በእያንዳንዱ እርምጃ ቅርጹ ጥቂት በጥቂት ከመጀመሪያው ይርቃል። በሩ ከመቃኑ ሳይገጥም ሲቀር ጥፋቱ የማን እንደሆነ የሚፈርድ አልነበረም፤ ወረቀቱ አንድ ነገር፣ እንጨቱ ሌላ ነገር ይናገራልና። ቤዚዬ የተነሣው ይህን ክርክር ሊያስቀር ነው። ቅርጹ ከመጀመሪያው በቍጥር ከተጻፈ ሠዓሊውም ማሽኑም የሚያነቡት አንድ ጽሑፍ ይሆናል ብሎ አሰበ።

ሥራውን በ1960 ሲጀምር ዕድሜው ወደ ሃምሳ ተጠግቶ ነበር። የመጀመሪያ ሐሳቡ የተነሣው ከሞላላ ነው፤ ሁለት ሞላላ አፍ ያላቸው ቧንቧዎች በአንድ ሣጥን ውስጥ ሲቋረጡ የሚፈጥሩትን ጥምዝ ወሰደ። ሣጥኑ ሲጎተትና ሲዘም ጥምዙም አብሮ ይለወጣል። ኋላም ቧንቧዎቹን ትቶ በአልጀብራ ቀመር ተካቸው፤ የጥምዙ ገዥዎችም ጥቂት ነጥቦች ሆኑ።

ነገሩን በወረቀት መሞከር ይቻላል። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ የሚባሉ አራት ነጥቦች አኑረን በተራ በመስመር እናገናኝ። ሦስቱን መስመሮች አጋምሰን እኩሌታዎቻቸውን ብናገናኝ ሁለት መስመር እናገኛለን፤ እነዚህንም አጋምሰን ብናገናኝ አንድ መስመር ይቀራል። የዚህ የመጨረሻው መስመር እኩሌታ ጥምዙ ላይ ያርፋል። በማጋመስ ፈንታ በሲሶ ወይም በሩብ ብንከፍል ሌሎች የጥምዙን ነጥቦች እናገኛለን። ጥምዙ ከሀ ተነሥቶ ወደ ለ አቅጣጫ ይጀምራል፤ ከሐ አቅጣጫ መጥቶም መ ላይ ያበቃል። ለ እና ሐ እንደ ልጓም ናቸው፤ ይስቡታል እንጂ አይነኩትም።

በፋብሪካው ውስጥ ግን ሐሳቡን ወዲያው የተቀበለው ጥቂት ሰው ነበር። ሥራውን የሚያውቁ እንደሚተርኩት፣ ቤዚዬ ቀመሩን የራሴ ነው ከማለት ይልቅ ኦኔዚም ዱራን ለሚባል በዓለም ላይ ላልነበረ ፕሮፌሰር ሰጥቶት ነበር፤ የሹም ጆሮ ከመሐንዲስ ይልቅ ፕሮፌሰርን ይሰማልና። ዩኒሰርፍ የተባለው ሥርዓቱም በ1968 በሙሉ ሥራ ላይ ዋለ።

እዚህ ላይ አንድ ሌላ ሰው መታሰብ ይገባዋል። ፖል ደ ካስተልዦ የተባለ ወጣት የሒሳብ ሊቅ በተፎካካሪው በሲትሮኤን ፋብሪካ በ1959 ወደዚያው ጥምዝ ደርሶ ነበር፤ ከላይ ያየነውም የማጋመስ ዘዴ የእርሱ ነው። ነገር ግን ፋብሪካው ሥራውን ምስጢር አድርጎ ቈለፈበት። ቤዚዬ ግን ጽሑፎቹን አሳተመ፤ ከ1968 እስከ 1979 በፓሪስ በኮንሰርቫቷር ብሔራዊ የጥበባትና የሙያ ተቋም አስተማረ፤ ጡረታ ከወጣም በኋላ በ1977 በሒሳብ የዶክተርነት ማዕርግ አገኘ። ስለዚህ ቀድሞ የደረሰው ሳይሆን ያካፈለው ሰው ስም በጥምዙ ላይ ቀረ። የደ ካስተልዦም ስም ለዘዴው የተሰጠው ቈይቶ ነው። ቤዚዬ በ1999 ሞተ።

ዛሬ ጥምዙ ከመኪና ፋብሪካ ወጥቶ በየጠረጴዛው ላይ ነው። በኢለስትሬተርም ሆነ በነፃ በሚታደለው በኢንክስኬፕ ሞላላ የሚስል ተማሪ በቤዚዬ ልጓም ይሠራል። ለክብ አራት ጥምዞች ይገጣጠማሉ፤ የልጓሙም ርዝመት የሬዲየሱ 0.5523 እጅ ነው። የሚወጣው ክብ ፍጹም አይደለም፤ ስሕተቱ ግን ከ10,000 እጅ ሦስቱን አይሞላም። ያንኑ ክብ ወደ አንድ ወገን ብንለጥጠው ሞላላ ይሆናል። በኮምፒዩተር የምንጽፈው የዐ ፊደል ሞላላነትና የቀ ራስ ክብነት በዚሁ ዐይነት ጥምዝ የተከበቡ ናቸው።

ይህ ታሪክ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው በጋፋት አፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው ሴባስቶፖል የተባለውን 7 ቶን ያህል የሚመዝን መድፍ አሠርተው ነበር። መድፉ ከጥቅምት 1867 እስከ መጋቢት 1868 ድረስ ተጎትቶ መቅደላ ደረሰ፤ ዛሬም እዚያው አለ። ብረቱ ቀረ፤ የጋፋት ሙያ ግን ትምህርት ሆኖ አልዘለቀም። እኛም ወንድሞችና እኅቶች፣ ክብ ቤተ ክርስቲያን የሚያንጸውን፣ አገልግል የሚሰፋውንና ሞሰብ የምታበጀውን ባለሙያ ቀርበን ጥበቡን ብንለካና ብንጽፍ፣ ባለ እጁ ሲያልፍ ሙያው አብሮት አይቀበርም።