የአዝሃሩ የሒሳብ መምህር ሸይኽ ሐሰን አል-ጀበርቲ



ጉለሌ ሁለተኛ ደረጃ ስንማር ጠዋት ክፍልፋይ በሰሌዳ ላይ እንሠራለን፤ ከዐስር ሰላት በኋላ መድረሳ ገብተን ያንኑ ክፍልፋይ በሚራስ እንቀራለን። ሁለቱ አንድ መሆናቸውን ያሳዩኝ የሒሳብ አስተማሪያችን ናቸው። ሙስሊም አይደሉም፤ ግን አንድ ቀን የሚራስ ደብተሬን አይተው ሰሌዳ ላይ እንድሠራው ጠየቁኝ። ሟቹ ሚስት፣ ሁለት ሴት ልጆች፣ እናትና አባት ትቷል። ድርሻቸው ከ24 ሲታሰብ ለሚስት 3፣ ለልጆች 16፣ ለእናት 4፣ ለአባት 4፤ ድምሩ 27! አስተማሪያችን ወንበር ስበው ተቀመጡ። ውርሱ በ24 ፈንታ ለ27 ተከፍሎ የሁሉም ድርሻ በልኩ እንደሚቀንስ፣ ይህም ዐውል እንደሚባል እኔ አስረዳኋቸው። የሸይኽ ሐሰንን ታሪክ ሳነብ እሳቸው ትዝ ይሉኛል።

ሸይኽ ሐሰን (ረሒመሁላህ) በ1110 ሂጅሪያ፣ በፈረንጆቹ 1698 ግድም ተወለዱ። ኑሯቸው ካይሮ ይሁን እንጂ ዘራቸው ከኛው ነው። ጀበርት ቀድሞ ከዘይላ ወደ ኢፋት የሚዘልቀው አገር ስም ነበር፤ ኋላ የሐበሻ ሙስሊሞች መጠሪያ ሆነ። ሰባተኛ አያታቸው ዐብዱረሕማን ለዒልም ተሰደው አዝሃር ገቡና የጀበርት ደረሳዎች ማደሪያ የሆነው ሪዋቅ ኃላፊ ሆኑ። ኃላፊነቱ በትውልድ እየተላለፈ ሸይኽ ሐሰን ዘንድ ደረሰ። እሳቸው ገና ጨቅላ ሳሉ አባታቸው ሞተው ያሳደጓቸው አያታቸው ናቸው።

ፊቅሁን በአዝሃር ቀሩ። ሀንደሳና ፈለክን ግን ከሕንድ ከመጡ ሑሳሙዲን ከሚባሉ ዓሊም ዘንድ ጠለቅ ብለው ተማሩ። ከዚያ በኋላ ቤታቸው ራሱ መድረሳ ሆነ፤ ኪታቡም መሣሪያውም ለደረሳ ክፍት ነበር።

በ1748 ከኢስታንቡል የተሾሙት አሕመድ ፓሻ ካይሮ ገቡ። ሒሳብ ወዳድ ነበሩ። ታላላቅ ዑለማዎችን አግኝተው ስለ ሒሳብ ወሬ ቢያነሱ መልስ የሚሰጥ ጠፋ። ፓሻው ቢገርማቸው የአዝሃሩን ሸይኽ ዐብደላህ አሽ-ሸብራዊን ጠየቁ። ሸይኹም አልሸፋፈኑም፤ አዝሃር ውስጥ የሚቀራው ሒሳብ ለውርስ ክፍፍል የሚበቃው ያህል እንደሆነ፣ የቀረው መሣሪያና የእጅ ጥበብ እንደሚጠይቅ፣ ደረሳው ደግሞ አብዛኛው ከገጠር የመጣ ድሃ እንደሆነ ነገሯቸው። (እኛም ቤተ ሙከራ ሲጎድል ይህችን ምክንያት እናውቃታለን።) ከዚያም ወደ ሸይኽ ሐሰን መሯቸው።

ገዥው ደረሳ ሆኑ። በሳምንት ሁለት ቀን እየተገናኙ ተምረው በእብነ በረድ ላይ የፀሐይ ሰዓት እስከ መቅረጽ ደረሱ፤ አንዱ አዝሃር ተተከለ። በጥላ ርዝመት የዙህርና የዐስር ወቅት የሚለይበት ነው። ሸብራዊም ሸይኽ ሐሰንን ባገኙ ቁጥር፣ በፓሻው ፊት ነውራችንን ሸፍነዋልና አላህ ይሸፍንዎ እያሉ ዱዓ ያደርጉላቸው ነበር።

ከዚያ በፊት፣ በ1159 ሂጅሪያ፣ ፈረንጆችም መጥተው ሀንደሳ ቀርተውባቸዋል። ይህን የጻፈው ልጃቸው ስለሆነ አንዳንዱን የልጅ ውዳሴ አድርጌ እወስደዋለሁ። የሚዛኑን ነገር ግን ሥራው ይመሰክራል፤ የካይሮ ሚዛኖች በተዛቡ ጊዜ ሸይኹ ባለ እጆችን ሰብስበው አሠራሩን አስተማሩ፣ መመዘኛውን አስተካከሉ፣ ስለ ሚዛን አል-ዒቅዱ-ሠሚን የሚባል ኪታብም ጻፉ። ለእኔ ከፓሻው ትምህርት ይህ ይበልጥብኛል፤ እህል የሚሸምት ድሃ ሁሉ ተጠቅሞበታልና።

በ1188 ሂጅሪያ (1774) ወደ አኺራ ሄዱ። ከአርባ በላይ ልጆች ወልደው ለአካለ መጠን የደረሰው ዐብዱረሕማን ብቻ ነበር። ያን ጊዜ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። የናፖሊዮን ጦር ካይሮ ሲገባ ያየውን መዝግቦ የዘመኑ ታላቅ ታሪክ ጸሐፊ የሆነው፣ የአባቱንም ታሪክ ያቆየልን እሱ ነው።