ልጅ ኢያሱና የወዳጆቻቸው ዕዳ

በመጠለያ ጣቢያ ስብሰባ ላይ አንድ ሰው ስለ ራሽን ሲናገር፣ ሐሳቡን ትቶ ከማን ጋር እንደሚውል የሚቆጥር አይጠፋም። ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር የሚለው ተረት እንደ ማስረጃ ይቀርባል። እኔ እንዲህ ያለ ክርክር በሰማሁ ቁጥር ልጅ ኢያሱ ትዝ ይሉኛል።

ልጅ ኢያሱ የዳግማዊ ምኒልክ የልጅ ልጅ ናቸው። እናታቸው ወይዘሮ ሸዋረጋ፣ አባታቸው የወሎው ራስ ሚካኤል ነበሩ። ራስ ሚካኤል በ1870 ዓ.ም. ክርስትና ከመነሣታቸው በፊት መሐመድ ዓሊ ይባሉ ነበር። ምኒልክ በ1901 የልጅ ልጃቸውን ወራሽ አደረጉ፤ በ1906 ሲያርፉም ሥልጣኑ ለልጅ ኢያሱ ቀረ። ዘውድ ግን አልጫኑም።

ወጣቱ መሪ ቤተ መንግሥት መቀመጥ አይሆንላቸውም። ሐረር፣ ድሬዳዋ፣ አፋር ሲዞሩ ይከርማሉ፤ ከሙስሊም ባላባቶች ጋር ይበላሉ፣ በጋብቻም ይዛመዳሉ። ጊዜው ደግሞ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ከኦቶማን ቱርክ ጋር ይዋጉ ስለነበር ይህን ወዳጅነት በክፉ ዓይን አዩት። የሸዋ መኳንንትም ሥልጣናቸው መቀነሱ ከንክኗቸዋል።

መስከረም 17 ቀን 1909፣ በመስቀል ዕለት፣ መኳንንቱና ካህናቱ አዲስ አበባ ላይ ተሰበሰቡ። ተከሳሹ ሐረር ናቸው። ክሱ ሰልመዋል የሚል ነው። ማስረጃውስ? መስጊድ ገብተዋል፣ የሙስሊም ልብስ ለብሰዋል፣ ከሙስሊም ተጋብተዋል። አቡነ ማቴዎስ ሕዝቡን ከመሐላው ፈቱት፤ ዘውዲቱ ነገሡ፣ ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽ ሆኑ። ልጅ ኢያሱ በእርግጥ ሃይማኖት ቀይረው ነበር ወይ የሚለው ግን እስከ ዛሬ የታሪክ ጸሐፊዎችን ያከራክራል።

ንጹሕ ነበሩ ማለቴ እኮ አይደለም። በ1904 በደቡብ ምዕራብ ባደረጉት ዘመቻ ብዙ ሰው በባርነት ተነድቷል። መጠየቅ የነበረባቸው በዚህ ነበር። ታዲያ ለምን አልተጠየቁበትም? ባሪያ ያልነበረው መኰንን ጥቂት ስለነበረ ነው። ሰውን በሥራው መክሰስ ከሳሹንም ይነካል፤ በወዳጁ መክሰስ ግን ምንም አያስከፍልም።

የከፈለው ሌላው ነው። አባትየው ንጉሥ ሚካኤል ጦር አስከትተው መጡ፤ ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ በሺህ የሚቆጠር ሰው አለቀ። ልጅ ኢያሱ በአፋር በረሃ ተንከራተው በ1913 ተያዙ፤ ፍቼ፣ ኋላም ጋራ ሙለታ ታስረው ኖሩ፤ በ1928 አረፉ።

አንድ የሚረሳ ነገር አለ። ያ ክስ የሠራው ሙስሊም መሆን አስቀድሞ እንደ ነውር ስለተቆጠረ ነው። በዚያ ጉባኤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ የአገሪቱ ሙስሊሞችም ሳይጠሩ ተፈርዶባቸዋል። እኛም አንድን ሰው ከእነ እገሌ ጋር ነው ብለን ስንከስ እነ እገሌን ሁሉ አብረን እየፈረድንባቸው ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ክስ ሲመጣ ሁለት ነገር እንጠይቅ፦ ሰውየው ራሱ ምን አደረገ? እነዚያስ ሰዎች ምን በደሉ?